ከጠረጴዛ የማይነሳው ላፕቶፕ፦ ማን ይግዛው፣ ማን ይተወው?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ለደንበኛ የማስረክበው አኒሜሽን ሬንደር (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ የሚያወጣበት ሥራ) 87 በመቶ ላይ ደርሶ ሳለ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጨለመ፣ ዋይፋዩ ሞተ፣ ማዶ ካለው ካፌ ጄኔሬተር ተነሳ። ላፕቶፑ ግን አልጠፋም። ማራገቢያዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ስክሪኑ ትንሽ ደበዘዘ፣ ሬንደሩም እየተጎተተ ቀጠለ። መብራት ሲመለስ 91 ላይ ነበር። በዚያው ሰዓት ታች ቤት የሚኖረው ጓደኛዬ፣ ከኔ የሚበልጥ ዴስክቶፕ ያለው ሰው፣ ሴቭ ያላደረገውን የአንድ ሰዓት ሥራ እያሰበ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ያን ማታ እኔ አሸነፍኩ። በሌላው ቀን ሁሉ ግን የሚያሸንፈው እሱ ነው። ዴስክቶፑ ከኔ ይፈጥናል፣ አይጮኽም፣ ያወጣበትም ገንዘብ ያነሰ ነው። "ትልቁን ጌሚንግ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ዴስክቶፕ ላስገጣጥም?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴን ከዚህ የምጀምረው ለዚህ ነው። ባለ 18 ኢንች አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀን ሉሚየንና ብሌንደር የሚባሉትን የ3ዲ ፕሮግራሞች ይሠራል፣ ማታ ጌም ይጫወታል።

ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ

መጀመሪያ ሰው የሚሸወደው በግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን በሚያሰላው ክፍል፣ ስም ነው። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4090 16,384 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) እና 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ እስከ 450 ዋት ይጠጣል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4090 ግን 9,728 ኮር፣ 16 ጊጋባይትና ቢበዛ 175 ዋት ነው። ይኼ የኮርና የሜሞሪ ቁጥር ሌላ ቦታ ይገኛል፦ በዴስክቶፑ 4080 ላይ። ቺፑ ራሱ አንድ ነው። ልዩነቱ የዴስክቶፑ 4080 እስከ 320 ዋት ስለሚለቀቅለት ያንኑ ቺፕ እንደ ልቡ ያስሮጠዋል፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው በግማሹ ያህል ይኖራል። በፈረንጆቹ 2025 የወጡት ባለ 50 ቁጥሮችም ያው ናቸው፤ የዴስክቶፑ 5090 32 ጊጋባይት ሲይዝ የላፕቶፑ 24 ነው። ስለዚህ "4090 ነው" የሚላችሁ ሻጭ ውሸታም አይደለም፤ የትኛው 4090 እንደሆነ ግን አልነገራችሁም።

ሁለተኛው መሸወጃ ዋት ነው፤ ይኼኛው ሳጥኑ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው አንዱ ሌላውን ጥሎት ሊሄድ ይችላል። የ2023ቱ የአሱስ ቀጭን ላፕቶፕ ዜፊረስ ጂ14 4090 የገባበት አለ፤ ለካርዱ የሚሰጠው ግን እስከ 125 ዋት ነው። የዚያው የአሱስ ስካር 18 ለዚያው ካርድ 175 ዋት ይሰጠዋል። በቀጭን ዕቃ ውስጥ የታጨቀ ትልቅ ካርድ ከመግዛት፣ ወፍራም ዕቃ ውስጥ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ገዝቶ ሙሉ ዋቱን ማግኘት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ሻጩን "ካርዱ ስንት ዋት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ግራ ከተጋባ የአምራቹን ድረ ገጽ አብራችሁ ክፈቱ።

ሦስተኛው የካርዱ ሜሞሪ ነው፤ አርክቴክቶችና ቪዲዮ ኤዲተሮች እዚህ ላይ ቆም በሉ። የላፕቶፕ 4060ና 4070 ሁለቱም 8 ጊጋባይት ናቸው፣ 4080 12፣ 4090 16። በአዲሶቹ 5070 አሁንም 8 ላይ ነው፤ 12 የሚጀምረው ከ5070 ቲአይ ነው፣ 5080 ደግሞ 16 ይዟል። ሉሚየን ላይ ዛፍ፣ ሣር፣ መኪናና ሰው እየደረደራችሁ ስትሄዱ ያ 8 ጊጋባይት በአንድ ሰፈር ሳይት ፕላን ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ ካርዱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሥራው ይንፏቀቃል፣ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ያርፈዋል። ለሥራ ከሆነ ከ12 በታች አትግዙ እላለሁ። ለኳስ ጌምና ለኦንላይን ተኩስ ብቻ ከሆነ 8ቱ ይበቃል፤ ይኼ ጽሑፍም የሚያወራለት ግዙፍ ዕቃ አያስፈልጋችሁም።

ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር

ስለ ጩኸቱ ከመግዛቴ በፊት አንብቤያለሁ፤ ማንበብና አብሮ መኖር ግን ይለያያል። ሙሉ ኃይል በሚለቅበት ሞድ ላይ ያደረግሁት ቀን እህቴ ከጎን ክፍል ሆና ካፊያ ቆርቆሮው ላይ የጀመረ መስሏት ልብስ ልታስገባ ወጣች። ሁለት ጊዜ። አሁን ጌም ስጫወት ሄድፎን ግድ ነው፣ ሬንደር ደግሞ እራት ሲቀርብ ነው የማስነሳው።

ለዚህ ጩኸት የአዲስ አበባም እጅ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ ሙቀት የሚያስወጣው አየሩን ተሸካሚ አድርጎ ነው፤ ተሸካሚው ሲሳሳ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት የበለጠ መዞር አለበት። የሚክሰን የክፍላችን ቅዝቃዜ ነው። ዱባይ ወይም ጅቡቲ ያለ ሰው ተቃራኒው ይገጥመዋል፦ አየሩ ወፍራም፣ ግን የጋለ። ስለዚህ ውጭ አገር በተሠራ ሙከራ ያያችሁትን የሙቀትና የድምፅ ቁጥር እዚህ አገር ቁጭ ብሎ አትጠብቁት።

ችግሩን ያቀለልኝ ቀላል ነገር ነው። በነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባው ኮር አይ9 14900ኤችኤክስ መነሻው 55 ዋት ሆኖ በአንድ ጊዜ እስከ 157 ዋት መውጣት ይችላል፤ ጌም ውስጥ ያን ያህል አያስፈልገውም። ከአምራቹ በሚመጣው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን 90 ዋት ላይ ገደብኩት። ጌም ላይ ለዓይኔ የታየኝ ልዩነት የለም፤ ጆሮዬ ግን አመስግኖኛል። የቀረውን የሠሩልኝ ሁለት የለስላሳ ክዳኖች ናቸው፦ ከኋላ እግሮቹ ሥር አስገብቻቸው አየር ከታች እንደ ልብ ይገባል። ማቀዝቀዣ መቆሚያ የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ሞክሩ። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ግን በጭራሽ።

አቧራው ሌላ ጉድ ነው። በበጋ በየአራት ወሩ ካላስጸዳሁት ጩኸቱ ራሱ ይነግረኛል። አንድ ጊዜ ላስጸዳ የወሰድኩበት ባለሙያ ከፍቶ ሲያይ ፕሮሰሰሩ ላይ ብርማ ነገር አገኘ። "ፔስቱ ቀልጧል፣ ልጥረገውና አዲስ ልቀባልህ" አለኝ፤ ጥጡንም አንስቶ ነበር። ፈሳሽ ብረት ነው እሱ። በተለመደው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ፈንታ በአንዳንድ ውድ ላፕቶፖች የሚቀባ፣ በውስጡ ጋሊየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ይበላል። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብታርፍ ላፕቶፑ በዚያው ሊቀር ይችላል። እጁን ይዤ "ማራገቢያውን ብቻ አጽዳልኝ" አልኩት። ስትገዙ ዕቃው ፈሳሽ ብረት እንዳለው እወቁ፤ ለሚከፍተውም ሰው ከመክፈቱ በፊት ንገሩት።

ባትሪውን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ አትቁጠሩት፣ እንደ አብሮ ገነብ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ቁጠሩት። የነዚህ ዕቃዎች ባትሪ ከ90 እስከ 99.9 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ100 የማያልፈው አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚያሳፍሩት እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ጌም ላይ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ያውም ካርዱ ከባትሪ ሙሉ ኃይሉን ስለማያገኝ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሦስት ሰዓት ግድም ያቆየኛል። ዓመቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ስለሚውል ደግሞ 80 በመቶ ላይ መሙላት እንዲያቆም አድርጉት፤ ይህን ማስተካከያ አሱስም ሌኖቮም በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ አስገብተውታል። የመቶ በመቶ ባትሪ ሁልጊዜ ሙቀት ላይ ተቀምጦ ሲያብጥ ያየሁት በሰው ዕቃ ነው።

የመብራት ቆጣሪው ለሚያሳስበው ደግሞ፦ 330 ዋቱ ቻርጀር ሙሉውን እየሳበ አራት ሰዓት ቢሠራ 1.3 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ከ3,000 ዋት በላይ ከሚስበው የእንጀራ ምጣድ ጋር ሲተያይ አንድ አሥረኛው ያህል ጉልበት ነው የሚወስደው። እናቴ ቆጣሪው ሲያልቅ አሁንም እኔን ነው የምታየኝ።

ክብደቱን በአንድ ቀን ነው የተማርኩት። ላፕቶፑ ከ3 ኪሎ በላይ፣ ቻርጀሩ ብቻውን አንድ ኪሎ ግድም። አራት ኪሎ ተሸክሜ ከአራት ኪሎ መገናኛ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ቦርሳው የሰው መቀመጫ ስለያዘ ረዳቱ "ጭንህ ላይ አድርገው፣ ወይ የሁለት ሰው ክፈል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከቤት የወጣው ቤት ስቀይርና ደንበኛ ቢሮ ሄጄ ሥራ ሳሳይ ብቻ ነው።

ከትልልቆቹ የትኛው?

ስካር 18 (የ2024ቱ) ለብዙ ሰው ሚዛኑን የጠበቀው ነው። 3.1 ኪሎ ግድም ይመዝናል፣ ካርዱ 175 ዋት ያገኛል፣ ስክሪኑ 2560 በ1600 ሆኖ 240 ኸርዝ ሚኒ ኤልኢዲ ነው። ብርሃኑ በቀን መስኮት አጠገብ እንኳ ያሠራል። ጨለማ ጌም ላይ ነጭ ጽሑፍ ዙሪያውን ጭጋግ ነገር ያሳያል፤ የሚኒ ኤልኢዲ ጠባይ ስለሆነ ዕቃው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

የኤምኤስአይ ታይታን 18 ኤችኤክስ የባለ ጠጋ ዕቃ ነው። 3.6 ኪሎ፣ 400 ዋት ቻርጀር፣ 3840 በ2400 ስክሪን በ120 ኸርዝ። በ2024 ሲወጣ በጣም ውዱ ዓይነት ከ5,000 ዶላር በላይ ነበር። ጥቅሙ የራም ማስገቢያው አራት መሆኑ ነው፤ እስከ 128 ጊጋባይት ይይዛል፣ አራቱም ሲሞሉ ግን የራሙ ፍጥነት ይቀንሳል። ትልልቅ ሲሙሌሽን ለሚሠራ ሰው ይገባኛል። ለጌም ብቻ የሚገዛው ሰው ግን ያን ሁሉ ፒክስል የላፕቶፕ ካርድ እንዲገፋው ራሱን ያስጨንቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚጫወተው።

ኤሊየንዌር ኤም18 ከ4 ኪሎ በላይ ነው። አራት የኤስኤስዲ ቦታ አለው፤ ፉቴጅ የሚያከማች ቪዲዮ ኤዲተር ይህን ይወደዋል። ዝቅ ባለ ጥራት 480 ኸርዝ የሚሄድ ስክሪንም ይታዘዝለት ነበር፤ ይኼ ለተኩስ ውድድር እንጂ ለሌላ አይረባም። እኔ የቤት ዕቃ ነው የምለው፤ አንዴ ካስቀመጣችሁት የምታነሱት ስትጠርጉ ነው።

ከሌኖቮ ሌጅን ፕሮ 7አይ (የ2024ቱ) ጋር ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ባለ 16 ኢንች ነው፣ ከ3 ኪሎ በታች፣ ባትሪው 99.99 ዋት-ሰዓት፣ ካርዱ ግን እንደ ትልልቆቹ እስከ 175 ዋት ያገኛል። ቻርጀሩ 330 ዋት ሆኖ፣ በዩኤስቢ ሲ በኩልም በ140 ዋት መሙላት ይቻላል፤ ለጽሑፍ ሥራ ብቻ ስትወጡ ትልቁን ጡብ ቤት ትተዉታላችሁ ማለት ነው። አብዛኛው መሰኪያ ከኋላ ስለሆነ ገመዱ ለማውስ እጅ አይደናቀፍም። የ18 ኢንቹ ትርፍ ስፋት የሚሰጠው ትልቅ ስክሪንና ዝግ ያለ ማራገቢያ ነው፤ ፍጥነት አይደለም። ዛሬ ብገዛ ይህን ዓይነቱን 16 ኢንች ወስጄ በተረፈው ገንዘብ 27 ኢንች ሞኒተር ጠረጴዛዬ ላይ አቆም ነበር። የ18 ኢንቹን ስክሪን ስወደው ነው የምኖረው፣ ግን ሁለት ዓመት አንገቴን ቁልቁል አድርጎኛል።

ቀጫጭኖቹን፣ እንደ ዜፊረስ ያሉትን፣ የምመክረው በየቀኑ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቢሮ ለሚወስድ ሰው ነው። ለእሱ ይህ ሁሉ ዋት ከንቱ ነው፣ ትከሻው ይቅደም።

ዴስክቶፑስ?

የራሳችሁ ክፍል ካላችሁ፣ ቤት ቶሎ ቶሎ የማትቀይሩ ከሆነ፣ ዴስክቶፕ ግዙ። ነገሩ ይኼን ያህል ቀላል ነው። የዴስክቶፑ 4070 ሱፐር 12 ጊጋባይት ይዞ፣ በራሱ ትልቅ ማራገቢያ ቀዝቅዞ፣ ብዙ ላፕቶፖችን ይበልጣል። ደግሞም ካርዱ ቢቃጠል ካርዱን ትቀይራላችሁ። በላፕቶፕ ውስጥ ግን ግራፊክሱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ፣ የቦርዱ ዋጋም ሌላ ላፕቶፕ የሚያስመኝ ነው።

ዴስክቶፑን ስታስቡ ግን ዩፒኤሱን አብራችሁ አስቡ። ገበያ ላይ የበዛው ባለ 650 ቪኤ (የዩፒኤስ አቅም መለኪያ) ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ጌም ላይ ያለ ኮምፒውተርና ሞኒተር እሱን ሊያልፉት ይችላሉ፤ ያኔ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱም "ጢጥ" ብሎ አብሮ ይጠፋል። የጓደኛዬ ነገር ይኼው ነበር፦ ዩፒኤስ ነበረው፣ ትንሽ ነበር። ከ1,000 እስከ 1,500 ቪኤ ያለውን ያዙ። እሱም የሚሰጣችሁ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ እንጂ የሥራ ሰዓት አይደለም። ለኔ ወሳኙ እዚህ ላይ ነበር። በኪራይ ነው የምኖረው፣ በሦስት ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ፤ ዴስክቶፕ፣ ሞኒተርና ዩፒኤስ በየጊዜው በአይሱዙ ከምጭን አንድ ቦርሳ ይበቃኛል።

ስትገዙ

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ስላለፈ፣ የእንዲህ ዓይነት ዕቃ ዋጋ በብር የሚነገረው ለዚያ ሳምንት ብቻ ነው። ሁለት ሱቅ ስታወዳድሩ በአንድ ቀን አወዳድሩ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ በሲሪያል ቁጥሩ ያረጋግጥ፤ ዘመዱም በእጅ ሻንጣ ይያዘው እንጂ አያስጭነው።

ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በኛ 220 ላይ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የሶኬቱ እግር ግን አይገጥምም፤ ብዙ ሰው ርካሽ ሁለት እግር ያለው መቀየሪያ ይገዛል። እኔም ገዝቼ ነበር፤ ላላ ብሎ ብልጭ ይል ነበር። የመሬት መስመሩንም ስለሚቆርጠው የላፕቶፑን የብረት ክዳን በእጄ ስዳስስ እንደ ጉንዳን ውር ውር ይለኛል። መፍትሔው ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ያለችውን ገመድ መቀየር ነው፦ የነዚህ ትልልቅ ቻርጀሮች መሰኪያ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጋር አንድ ነው፣ ገመዷ በማንኛውም የኮምፒውተር ሱቅ አለች። ቤታችሁ መሬት መስመር እንዳለው ግን ኤሌክትሪሻን ይይላችሁ።

ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣችሁ 30 ደቂቃ ከባድ ጌም ወይም ሬንደር አስነሱበት። አምስት ደቂቃ ምንም አይነግራችሁም፤ ሙቀት የሚከማቸው ቆይቶ ነው። ካርዱ የሚስበውን ዋት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና 175 የተባለው 90 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወይ ሙቀት ነው፣ ወይ ቻርጀሩ የሌላ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰክኩ፣ ሁሉንም መሰኪያ ሞክሩ፣ ከሥሩ ብሎኖቹ ተፍቀው እንደሆነ እዩ፤ የተፋቀ ብሎን የተከፈተ ዕቃ ነው። ከዚያ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ፦ 330 መሆን የሚገባው 240 ከሆነ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ጌም ላይ ግን እየሞላም ባትሪው ይወርዳል። ሻጩ "ዋናውን ቻርጀር ነገ አመጣልሃለሁ" ካላችሁ፣ ገንዘቡም ነገ ይሁን።